የስፌት ዕቃን በቤት ውስጥ በሥርዓት ስለ መጠበቅ
ከሞያሌ ጠረፍ ከኦዳ የሚገኝ ምሳሌ

ነጋዴ ሰው ማታ መደብሩን ከመዝጋቱ በፊት የተሸጠውንና የቀረውን ጣቃ ይቈጥራል። የመንግሥት ሥራ ያለበት ሰውም ደብዳቤውን በመዝገቡ፣ መዝገቡንም በመደርደሪያው ሳያገባ ከጽሕፈት ቤቱ አይወጣም። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት ለመልክ ብለው አይደለም፤ የት እንዳለ ያልታወቀ ዕቃ እንደሌለ ዕቃ የሚቈጠር መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ዳሩ ግን እኒሁ ሰዎች ከቤታቸው ገብተው የተበጠሰች አንዲት አዝራር ለማስተከል ሲፈልጉ፣ መርፌው ከመጋረጃ ላይ ተሰክቶ፣ ክሩ ከልጆች መጫወቻ ጋራ ተወሳስቦ፣ መቀሱም ሽቦና ካርቶን ሲቈረጥበት ውሎ ደንዝዞ ይገኛል። በመደብርና በጽሕፈት ቤት የሚከበረው ሥርዓት በቤት ውስጥ የሚናቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጕዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ዓይኑን ወደ ደቡብ ጠረፍ ይመልስ። ኦዳ በኬንያ ግዛት በሞያሌ የምትገኝ ስትሆን፣ ስሟ በኦሮምኛ ከሾላና ከዋርካ ወገን የሆነውን፣ ሽማግሌዎች በጥላው ሥር ለምክር የሚሰበሰቡበትን ታላቅ ዛፍ ያመለክታል። ሞያሌ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. የተደረገው የወሰን ውል ካሰመረው፣ በ1970 ዓ.ም. የተደረገውም ስምምነት ካጸናው ድንበር ግራና ቀኝ የምትገኝ፣ በአንድ ስም የምትጠራ መንታ ከተማ ናት። በአንዱ ወገን ብር፣ በሌላው ወገን ሽልንግ ይመነዘራል፤ ቦረናውና ገብራው፣ ገሪውና ቡርጂው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

ይህች ጠረፍ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ከመልበሱ በፊት የጭነት መኪና ቀናት ይፈጅበት ነበር። መንገዱ ከተሠራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. መጨረሻም የሁለቱ መንግሥታት የጋራ የኬላ አገልግሎት ከተመረቀ ወዲህ ድካሙ ቀልሏል። የሆነ ሆኖ ከዋናው ገበያ የራቀ ቤት እንደ ከተማ ቤት አይደለም። አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ያለ ልብስ ሰፊ መርፌ ቢሰበርበት ሻይ ሳይበርድበት ሌላ ይገዛል። በጠረፍ ያለች ልብስ ሰፊ ግን ለመኪናዋ የሚስማማው ቍጥር ከሱቁ ከታጣ የምትጠብቀው ሌላ ጭነት እስኪመጣ ድረስ ነው። ስለዚህ በእርስዋ ቤት አንዲት መርፌ ጠፋች ማለት የአንድ ቀን ገቢ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል።

የጥንት እናቶች ጥበብ

የእጅ ሥራ ዕቃን ለይቶ ማስቀመጥ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት እንዳይመስለን። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈውና ባዘቶ አውጥተው በእንዝርት ሲፈትሉ፣ ጠንክሮ የተከረረውን ለድር፣ ለስለስ ያለውን ለማግ ለይተው ያስቀምጡ ነበር። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሸማኔው የሚቸገር መሆኑን ያውቁ ነበርና። መክደኛ ያላት ሙዳይም የተሰፋችው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ፈትሉም ጌጡም ከአቧራ ተጠብቆ የሚቀመጥባት የቤት ሣጥን ነበረች። በቤተ ክርስቲያን የምጽዋት ገንዘብ የሚጠራቀምበት ሣጥን ሙዳየ ምጽዋት መባሉ ቃሉ ከጥበቃና ከአደራ ጋራ ምን ያህል እንደተቈራኘ ያሳያል።

የቦረና ሴቶችም እንደዚሁ ጥበበኞች ናቸው። ከዕፀዋት ቃጫ ጠበቅ አድርገው የሚሠሩት ጎርፋ የተባለው የወተት ዕቃ በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ ክዳኑ ይገጠምለታል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ሥራው፣ ለእያንዳንዱም ሥራ ዕቃው የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንመክረው ነገር ቢኖር ይህንኑ የቈየ ልማድ ለመርፌ፣ ለአዝራር፣ ለጨሌና ለስፌት መኪና እናድርገው ብለን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ መኪናው በየአገሩ ተሠራጭቶ ለብዙ ቤቶች የእንጀራ ምንጭ ሆኗል። መኪናውን ብዙዎች አገኙት፤ ከመኪናው ጋራ ሊሄድ የሚገባው የአጠባበቅ ሥርዓት ግን በየቤቱ እኩል አልገባም።

የዕቃው ጠላቶች

ዕቃን በሚገባ ለመጠበቅ አስቀድሞ ጠላቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አቧራ ነው። በቆላው ነፋስ የሚነሣው ደቃቅ አፈር ከመኪናው ዘይት ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላል። ሁለተኛው ምስጥ ነው። በመሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን ወይም የእንጨት ሣጥን ከታች ተበልቶ የሚታወቀው ሲያነሡት ነው። ሦስተኛው እርጥበት ነው። በሞያሌ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንመው ዋናው ዝናም፣ በጥቅምትና በኅዳርም የሚመለሰው ትንሹ ዝናም በቤት ውስጥ ሻጋታና ዝገት ያመጣል። እንደ ምጽዋ ባሉት የባሕር ጠረፍ ከተሞች ደግሞ ጨው ያዘለው አየር ክረምትን ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ መርፌን ያዝጋል። አራተኛው ፀሐይ ነው፤ በመስኮት አጠገብ የተከመረ ጨርቅ በታጠፈበት መስመር ይነጣል። አምስተኛው ብል ነው። ብል የሚበላው ሱፍን፣ ሐርንና ጠጕርን ሲሆን፣ ላብና ቅባት የነካውን አብልጦ ይወዳል። ስለዚህ የሱፍ ክርም ሆነ ሹራብ ሳይታጠብና በደንብ ሳይደርቅ ወደ ሣጥን መግባት የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊታሰብበት የሚገባው የሕፃን እጅ ነው። አዝራርና ጨሌ የሕፃንን ጕሮሮ ሊዘጉ፣ በምንጣፍ ላይ የወደቀች መርፌም እግር ውስጥ ልትሰበር ትችላለች። ስለዚህ የስፌት ዕቃ የሚከደን፣ ከሕፃን ቁመትም በላይ የሚቀመጥ ሊሆን ይገባል።

የአቀማመጡ ሥርዓት

1ኛ፦ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ መቍጠር ነው። ብዙ ቤት ተመሳሳይ ጥቁር ክር በሦስት ቦታ ተገኝቶ፣ ነጩ ግን ጨርሶ ይታጣል። ሳይቈጥሩ መግዛት በአንድ ወገን ማባከን፣ በሌላ ወገን መቸገር ነው።

2ኛ፦ ዕቃውን እንደ መልኩ ሳይሆን እንደ ሥራው መለየት ይገባል። የመኪና ስፌት ለብቻው፣ የእጅ ስፌትና ጥልፍ ለብቻው፣ ኪሮሽና የሱፍ ክር ለብቻው፣ ጨሌና ዶቃ ለብቻው፣ የሰፌድና የመሶብ ስፌት ዕቃም ለብቻው ይሁን። አንዱ ሥራ ሲጀመር አንድ ዕቃ ብቻ ወርዶ ይከፈታል፤ ሲያልቅም አንድ ዕቃ ብቻ ይዘጋል።

3ኛ፦ ማስቀመጫው ውድ መሆን አያስፈልገውም። ክዳኑ የሚገጥም የብስኵት ቆርቆሮ ለክር፣ አፈ ሰፊ ብልቃጥ ለአዝራርና ለጨሌ፣ የቡና ጣሳ ለመቀስና ለማስመሪያ ይበቃል። በብልቃጥ ያለው ሳይከፈት ይታያል፤ በቆርቆሮ ያለው ግን ስለማይታይ፣ ከውስጡ ካለው ክር ወይም አዝራር አንዱን ናሙና ከክዳኑ ላይ ማሰር ነው። ይህም ማንበብ ለማይችል ሰው ሁሉ ጽሑፍ ሆኖ ያገለግላል።

4ኛ፦ ሣጥኑ ከመሬት በድንጋይ ወይም በብረት እግር ላይ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ። ምስጥ መንገዱን በጭቃ እየሸፈነ የሚሄድ ስለሆነ በመካከል ባዶ ቦታ ካለ አካሄዱ በጊዜ ይታያል።

መርፌ፣ ክርና ጨርቅ

የመኪና መርፌ ቍጥሩ የውፍረቱ ልክ ነው። 90 የተባለችው ውፍረቷ 0.9 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከ90 ጐን 14 የሚል ሌላ ቍጥር ይጻፍባታል። ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለመካከለኛው 90፣ ለጂንስና ለወፍራም ጨርቅ 100 ይስማማል። የእጅ መርፌ ግን ተቃራኒ ነው፤ ቍጥሩ ሲበዛ መርፌው ይቀጥናል። የቤት መኪና መርፌ አንገቱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ሲሆን፣ የፋብሪካ መኪና መርፌ አንገቱ ክብ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አያገለግልም። እንግዲህ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣሳ መቀላቀል ገንዘብን በጭለማ መጣል ነው። እያንዳንዱን ቍጥር ለብቻው በጨርቅ ላይ ሰክቶ፣ ቍጥሩን በክር ጠልፎ፣ ጨርቁንም ጠቅልሎ በሚከደን ዕቃ ማኖር ይሻላል። ጨርቁን ጥቂት የመኪና ዘይት ቢያስነኩት ዝገትን ይከላከላል። ጫፉ የደነዘዘ መርፌ ጨርቅ ይቀዳልና ከደኅነኛው ጋራ መቀመጥ የለበትም።

ክር ያረጃል። ያልታወቀ ዘመን ያለው የጥጥ ክር ከመሰፋቱ በፊት በሁለት እጅ ተይዞ ይሳብ፤ በቀላሉ ከተበጠሰ ለጊዜያዊ ስፌት ይቀመጥ እንጂ ለሰው ልብስ አይዋል። የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሽ የብረት እንክብል ከላይኛው ክር ጋራ በአንድ ቀለም ታስራ ብትቀመጥ ፍለጋው ይቀራል። ብትን ጨርቅም ታጥቦና ደርቆ፣ ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ፤ በየጥቂት ወሩ እጥፋቱ ይለወጥ። ለሰፌድና ለመሶብ የሚሆነው ስንደዶና አክርማ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በሥራ ጊዜ ይረጥባል፤ በማስቀመጫ ጊዜ ግን ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ በላስቲክ ከታሰረ ስለሚሻግት፣ በየቀለሙ ታስሮ አየር በሚያገኝበት ቦታ ቢሰቀል ይመረጣል።

መኪናውም ሥራ ሲያበቃ ብናኙ በብሩሽ ይጠረግ፤ በየቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ ዘይት ይደረግለት፤ በቁራጭ ጨርቅም ላይ ጥቂት ተሰፍቶበት የተረፈው ዘይት ይውጣ። በእግር የሚነዳ ከሆነ ጠፍሩን ከመሽከርከሪያው ማውረድ ጠፍሩንም ከመላላት፣ የልጅንም ጣት ከአደጋ ያድናል።

የሰው ዕቃና የራስ ዕቃ

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ራስ ዕቃ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ስለ አደራ ዕቃ ነው። አንዲት እናት በቤቷ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ታስተምራለች እንበል። ለበዓል ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ጨርቅ ያመጡላታል። ጨርቁ ያለ ምልክት ከተቀመጠ የአንዷ ጨርቅ ለሌላዋ ይቀደዳል፤ የተረፈው ቁራጭ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ልኩም ይሳሳታል። በዚህ ጊዜ የጠፋው የሁለት ሜትር ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ስሟ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ጨርቅ ከልኩ፣ ከቀኑና ከተከፈለው ቀብድ ጋራ በተጻፈ ወረቀት ተጠቅልሎ ለብቻው ይኑር፤ ቁራጩም ከልብሱ ጋራ ለባለቤቱ ይመለስ። በጠረፍ ከተማ ደግሞ ቀብዱ በብር ወይም በሽልንግ መሆኑ አብሮ ካልተጻፈ የሒሳብ ጠብ ይነሣል።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመጋቢት 2018 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ በሰላማዊ ሰዎች ላይ በደረሰው ግድያ ምክንያት ብዙ ሺህ ሰዎች ድንበሩን እየተሻገሩ ወደ ኬንያ መሸሻቸው ይታወሳል። እንዲህ ባለው ቀን ማንም የስፌት መኪና ተሸክሞ አይሮጥም። ዳሩ ግን መቀሱ፣ መርፌው፣ ክሩ፣ ማስመሪያውና የደንበኞች መዝገብ በአንድ እጅ በሚነሣ አንድ ሣጥን ውስጥ ከሆነ፣ ባለሙያዋ በደረሰችበት ጥላ ሥር ተቀምጣ የተቀደደ በመጠገን እንኳ የዕለት ጕርሷን ታገኛለች። ዕቃዋ በየጥጉ የተበተነ ግን የሚቀርላት እጇ ብቻ ነው። እንግዲህ ሥርዓት የደስታ ቀን ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመከራ ቀን ስንቅም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ነጋዴውና አስተዳዳሪው ምን ይርዱ?

ነጋዴ ወንድሞቻችን መርፌን በእፍኝ ከመሸጥ ቍጥሩን ለይተው፣ የቤቱን መኪናና የፋብሪካውን መኪና መርፌ ነግረው ቢሸጡ ገዢው ይጠቀማል፤ እነርሱም ደንበኛ ያፈራሉ። ባዶውን ቆርቆሮና ጣሳ ከመጣል በጥቂት ዋጋ ቢሰጡም ለብዙ ቤት ሣጥን ይሆናል። የሴቶችን የእጅ ሥራ ትምህርት የሚያቋቍሙ አስተዳዳሪዎችም መኪና በማደል ብቻ ሳይወሰኑ፣ ከትምህርቱ ጥቂት ሰዓት ለአጠባበቅ፣ ለቍጥርና ለመዝገብ ቢመድቡ የተሰጠው መኪና ዕድሜው ይረዝማል።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመፈጸም ማንም አይገደድም። በሳምንት አንድ ማታ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዱን ቆርቆሮ ብቻ ከፍቶ ማስተካከል ይበቃል፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲሉ የተናገሩት ስለ ኅብረት ቢሆንም፣ ድሩ ለማበር አስቀድሞ ሳይወሳሰብ መቀመጥ እንዳለበት ፈታይ የነበሩት እናቶቻችን ያውቁ ነበር። አንባቢዎቻችንም ዛሬ ማታ መደብራቸውንና መዝገባቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው በገቡ ጊዜ፣ የስፌቱ ሣጥን ከወዴት እንዳለ ይጠይቁ። መልሱ ወዲያው ከተገኘ ቤቱ በሥርዓት ላይ ነው።