የበረት ፍሳሽ ወደ ግቢዎ ሲመጣ

ዘነበወርቅ ላይ ስለ ብክለት ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው የቆሻሻ መጣያው ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ፈጅቷልና። እዚህ የምንነጋገረው ግን ስለ ከብትና ዶሮ እርባታ ፍሳሽ ነው። እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮም ይኑሩ፣ ሰበታ ወይም ቢሾፍቱ ዳር፣ መብትዎ አንድ ነው።

በረት እንዴት ይበክላል? አንዲት የተዳቀለች የወተት ላም ሽንቷ ሳይቆጠር በቀን 30 ኪሎ ያህል እበት ትጥላለች። ሁለት ላም ያለው ገበሬ ኩበት ጠፍጥፎ፣ ማሳው ላይ በትኖ ይጨርሰዋል። ሠላሳ ላም ጠባብ ግቢ ውስጥ ያጎረ ሰው ግን በቀን አንድ ቶን የሚጠጋ እበት ይዞ መበተኛ መሬት የለውም። ስለዚህ በቦይ ይለቀዋል። በዚህ በኩል የተለቀቀው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ገብቶ፣ ከሌላው የከተማ ፍሳሽ ጋር አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይደርሳል፤ እዚያ ሐይቁን የሸፈነውን እንቦጭ የሚመግበው ይኸው ነው።

ፍሳሹ የዘለቀበትን የጉድጓድ ውሃዬን ባፈላውስ? ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋም። ናይትሬት እበትና ሽንት አፈር ውስጥ ሲበሰብሱ የሚፈጠር፣ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ውሃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ፣ የዱቄት ወተት በዚያ ውሃ የሚበጠበጥለት ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ውሃውን ያስመርምሩ፤ እስከዚያው ለሕፃኑ ከሌላ ቦታ ይቅዱ።

ለማን ልጩህ? በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው፣ በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ይህን የ60 ቀን ገደብ አያሳልፉ። ማመልከቻ ሲያስገቡ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ያስመቱ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው በእሱ ነው።

አቤቱታው ላይ በካዩን በስሙ ይጥቀሱ። አፓፕ የተባለው ማኅበር በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ ውድቅ ሆኖበታል። ተቆጣጣሪውን ብቻ መያዝ አያዋጣም ባይ ነኝ።

ወጪውስ? አቤቱታው የወረቀትና የትራንስፖርት ነው። ፍርድ ቤት የዳኝነት ክፍያ ካለ፣ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል። የሚከብደው ማስረጃው ነው፤ ፍሳሹ የተለቀቀበትን ቀንና ሰዓት ይጻፉ፣ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ ጎረቤት ይመስክር።

ባለበረቱም ልጆቹን የሚያሳድገው በወተቱ ነውና፣ ከክስ በፊት መፍትሔ ይዘው ያነጋግሩት። ባዮጋዝ፣ ማለትም እበቱ ታፍኖ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ፣ አንዱ ነው። ስድስት ሜትር ኩብ ለሚይዝ ጉድጓድ የአራት ከብት እበት ይበቃል፤ እኩል ውሃ ይጨመርበታል። የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያ ነው፤ የሚወስደው ገበሬ ካልተገኘ ግን ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። ስምምነቱን በጽሑፍ፣ በሽማግሌ ፊት ያድርጉ። ሥራው ከሰኔ በፊት እንዲያልቅም ቀን ይቆረጥ፤ ክረምት ከገባ ክፍት ጉድጓድ በዝናብ ሞልቶ ይገነፍላል።