ከታንከሩ የሚንጠባጠበው የማን ድርሻ ነው?



በካኩማ ካምፕ የምንጠጣው ውሃ ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ተስቦ ወደ ታንከር ይወጣል፤ ከዚያም በቧንቧ ወደየቦኖው ይለቀቃል። ሰልፉ ረዥም፣ ውሃው የሚመጣበት ሰዓት አጭር መሆኑን ጄሪካን ይዞ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ከታንከር ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብዙ ጊዜ «ትንሽ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ እትማችን ይህ «ትንሽ» ምን ያህል እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚገባ እንገልጻለን።

እንለካው

አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ከሚያንጠባጥበው ቦታ ሥር አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 6 ሊትር፣ በ24 ሰዓት 144 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 7 ጊዜ ሞልቶ ይተርፋል። የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 20 ሊትር እንዲደርስ ስለሚል፣ መሬት የሚጠጣው የ7 ሰዎች የቀን ድርሻ ነው።

ከየት ይፈሳል?

ታንከሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና መጀመሪያ የሚረጥበውን ቦታ ተመልከቱ። ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ኩሬው ያለበት ቦታ ሁልጊዜ ቀዳዳው ያለበት አይደለም።

1ኛ/ ከመገጣጠሚያው፦ ቧንቧው ከታንከሩ የሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው ጎማ በፀሐይ ይደርቃል፤ ቴፍሎኑም ያልቃል።

2ኛ/ ከመክፈቻው፦ የውስጡ ጎማ ሲበላ ውሃ አይዘጋም። በኃይል ማጥበቅ ይባስ ይሰብረዋል እንጂ አይጠግነውም።

3ኛ/ ከላይ፦ ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተያዘ ውሃው ሞልቶ ይፈሳል።

4ኛ/ ከታንከሩ ስንጥቅ፦ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን ባለ 5,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 5 ቶን ነው። ወጣ ገባ በሆነ መሬት ወይም በድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ይሰነጠቃል። ሮቶ በሚባለው የፕላስቲክ ታንከር ላይ ተራ ማጣበቂያ አይዝም፤ ተመሳሳይ ፕላስቲክ በባለሙያ እጅ ቀልጦ ሊበየድበት ይገባል።

የሚወጣበት ቀዳዳ ያስገባልም

ቧንቧ ሲያፈስ ጉዳቱ በብክነት ብቻ አያበቃም። ውሃው በፈረቃ ሲቋረጥ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል። በዚህን ጊዜ በቀዳዳው ዙሪያ የተኛው ጭቃ ውሃ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። ፍየል የረገጠው፣ ሕፃናት የተጫወቱበት ኩሬ በማግሥቱ በጄሪካናችን ሊገባ ይችላል ማለት ነው። ተቅማጥና ኮሌራ የሚዛመቱት በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው። በኩሬውም የወባ ትንኝ ይራባል።

ምን እናድርግ?

በቤታችሁ ያለ መክፈቻ ወይም መገጣጠሚያ ካፈሰሰ ውሃውን ዝጉ፣ ጎማውን ለውጡ፣ በቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ጠቅልላችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። የጋራ ታንከር ወይም ቦኖ ከሆነ ግን ራሳችሁ አትፍቱት። ለቦኖ ጠባቂው ወይም ለውሃ ኮሚቴው ስትነግሩ የቦኖውን ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያፈስና አንድ ሊትር በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ግለጹ። «ያፈሳል» ከማለት ይልቅ «በቀን 7 ጄሪካን ያፈሳል» ማለት ሰሚ ያገኛል።

ጥገናው እስኪደርስ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡ፤ የተጠራቀመው ለልብስና ለጓሮ አትክልት ይሆናል እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ውሃው እንዳይተኛም ትንሽ ቦይ ቆፍሩ። ማንም ሰው፣ በተለይ ሕፃናት፣ ወደ ታንከር ውስጥ እንዳይገባ። በውስጡ አየር ያጥራል፤ የክሎሪን ሽታውም ያፍናል። የተጠገነ ታንከር ታጥቦ በክሎሪን ሳይታከም ውሃው አይጠጣም።

«ነገርን፤ ማን ሰማን?» የሚሉ ነዋሪዎች አሉ። ቅሬታው ተገቢ ነው። ስለዚህ የነገራችሁበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ፤ መልስ ካልመጣ ያንኑ ይዛችሁ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንሱት። ቀን ያለው ቅሬታ ለመካድ ያስቸግራል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ በአንድ ጎማ የሚድነው ነገ አዲስ ታንከር ይጠይቃል። እስከዚያው ግን ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችው እናት ባዶ ጄሪካን ይዛ ትመለሳለች።