አይዳ ሙሉነህ፦ የትእዛዝ ሥራና የራስ ሥራ

ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ የተነሣ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህ ይታይ፣ ከኋላህ ነጭ ግድግዳ ይኑር። ከፎቶው የሚፈለገው አንድ ምስክርነት ብቻ ነው፦ ይህ ፊት የእገሌ ነው። አይዳ ሙሉነህ ከሃያ ዓመት በላይ ሰው ስታነሣ ኖራለች፤ በዓለም የታወቀችው ግን ይህን ምስክርነት በመንፈግ ነው። በፎቶዎቿ ላይ የሚታዩት ሴቶች ፊታቸው በነጭ፣ በሰማያዊ ወይም በቀይ ቀለም ተቀብቷል። አንዳንዴ ከግንባር እስከ አገጭ የነጠብጣብ መስመር ይወርድበታል። ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ፎቶውን ያነሣችው ማን እንደሆነች ግን ከሩቅ ይታወቃል።

በአገራችን ሰው በማንሣት የሚበላ እንጀራ ዱሮ ሁለት ዐይነት ነበር። አንዱ የቤተ መንግሥት ነው። አርመናውያኑ ቦያጂያኖች፣ አባትየው ቤድሮስ ለአፄ ምኒልክ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ደግሞ ከእሱ በኋላ፣ ይህን ሥራ ይዘው ኖረዋል። ሽመልስ ደስታም የአፄ ኃይለ ሥላሴን፣ ቀጥሎም የደርግን ዘመን ከቅርብ ሆኖ አንሥቷል። ሌላው እንጀራ የፎቶ ቤት ነው፤ መጋረጃና ወንበር ያለው፣ ቤተሰብ ለበዓል አዲስ ልብሱን ለብሶ የሚሄድበት። ዛሬ የበዛው ሦስተኛው ነው፦ ደመወዝም ሱቅም የሌለው ፍሪላንሰር። ቅዳሜ ሠርግ፣ ሰኞ የአንድ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት፣ በሰኔና በሐምሌ ምርቃት፣ በመካከሉ ደግሞ ስልክ እስኪጠራ መጠበቅ። አይዳም በመሠረቱ የዚህ ወገን ናት። የሚደውሉላት ደንበኞች ይለያዩ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ የሌላ ሰው ትእዛዝ እየሠሩ የራስን ሥራ እንዴት ይሠራሉ?

በ1974 (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ በሕፃንነቷ ከአገር ወጣች። የመንና እንግሊዝ ኖራለች፤ ቆጵሮስ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ በ1985 ካናዳ ሰፈረች። ካሜራ የያዘችው እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ ማንሣት ጀመረች። የጋዜጣ ሥራ ለፎቶ አንሺ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ብርሃኑ ቢከፋም፣ ሰውየው ቢቸኩልም፣ ከማተሚያው ሰዓት በፊት የሚታይ ነገር ይዞ መመለስ ግድ ነው። እንደ ጋዜጣ ባለሙያ ግን ምርጫው ጠባብ ነው፦ ያገኘኸውን ታነሣለህ እንጂ ያሰብከውን አትሠራም።

በ2007 ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በባማኮ የአፍሪካ ፎቶግራፍ መድረክ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። ከዚያ በኋላ አሠራሯ ከጋዜጠኛው ተቃራኒ ሆነ። መጀመሪያ ሐሳቡን በእርሳስ ትነድፋለች፤ ልብስ ይሰፋል፤ ቀለም ይመረጣል፤ ፊት ይቀባል፤ ካሜራው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀለሞቿ ለኢትዮጵያዊ ዐይን እንግዳ አይደሉም፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየናቸው ናቸው። ፊት መቀባቱ ደግሞ በአህጉሩ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ያለውን ሰውነትን የማስጌጥ ልማድ ያስታውሳል። ከ2016ቱ ሥራዎቿ አንዱን ስብስብ «ዓለም ዘጠኝ ናት» ብላ የሰየመችው አያቷ ይሉት ከነበረው አባባል ወስዳ ነው። አሥር የማትሞላ ዓለም፣ እንከን በሌላቸው ምስሎች። ይህ ግጭት ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል።

ወደ ትእዛዙ እንምጣ። በ2018 ወተርኤድ የተባለው የውኃ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለ ንጹሕ ውኃ እጦት ምስል እንድትሠራ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ድርጅት በተለመደው መንገድ ቢሄድ ውጤቱን መገመት አያቅትም፦ ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ የደረቀ ወንዝ፣ ዐይኑን ካሜራው ላይ የተከለ ሕፃን። አይዳ ግን ባለሙያዎቿን ይዛ ወደ አፋር፣ ወደ ዳሎል ወረደች። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ በ1960ዎቹ በተመዘገበው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ይበልጥ ነበር። በዚያ ሙቀት ፊቷን የተቀባች ሞዴል ይዞ፣ ቀለሙ በላብ ሳይፈስ፣ በሐሳብ የተነደፈውን ምስል ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ሠርግ በፀሐይ ያነሣ ሁሉ ያውቀዋል። 12 ምስሎች ወጡ። በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ውስጥ ታዩ።

እነዚህን ምስሎች የሚነቅፉ አሉ። ውኃ የምትቀዳ እናት እንዲህ ያለ የተንሳፈፈ ቀሚስ ለብሳ አትሄድም፤ ችግርን ማስዋብ አይሆንም ወይ? ነቀፋው ባዶ አይደለም። ምስሉን ብቻ ያየ ሰው የውኃ ችግር መሆኑን ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል፤ መግለጫ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። እኔን የሚመዝንብኝ ግን ሌላው ነው። የእርዳታ ፎቶ ላይ የምትታየው እናት ፊቷን ለሰጠችበት ምስል ባለቤት ሆና አታውቅም፤ ድህነቷ በስሟ ተለጥፎ ዓለምን ይዞራል። የአይዳ ሞዴል ግን ፊቷ ተቀብቷል፤ የማንንም ችግር በራሷ ፊት አትሸከምም። ስለ ውኃ ሸክም፣ ስለ ሴት ልጅ የወር አበባና ስለ ንጽሕና የሚናገረው የተሠራው ምስል ነው። ለዚህ ነው ትእዛዙ የራሷ ሥራ ሆኖ የቀረው።

በ2020 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ ኦስሎ ያለው የኖቤል የሰላም ማእከል ለኤግዚቢሽኑ አዲስ ሥራ አዘዛት፤ ረሃብ በጦርነት እንዴት መሣሪያ እንደሚሆን በምስል ሠራች። በ2022 ደግሞ የኒውዮርኩ ፐብሊክ አርት ፈንድ 12 ፎቶዎቿን በኒውዮርክ፣ በቺካጎ፣ በቦስተንና በአቢጃን ከ330 በሚበልጡ የአውቶቡስ ፌርማታዎች ላይ ሰቀላቸው። የስብስቡ ርእስ መነሻ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግጥም ነው። ለሻምፑና ለስልክ ማስታወቂያ በተሠራ ሣጥን ውስጥ የሎሬቱን ሐሳብ ይዞ አውቶቡስ ከሚጠብቅ ሰው ፊት መቆም፣ ከሙዚየም ግድግዳ የማያንስ ክብር ነው እላለሁ።

በ2025 በእንግሊዟ ብራድፎርድ የተከፈተው ኤግዚቢሽን ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ ያጓጓል። ብራድፎርድ፣ ቤልፋስት፣ ካርዲፍና ግላስጎ ውስጥ የተነሡ ባለቀለም ምስሎች አሉበት፤ ከነዚያ ጎን ለየአካባቢያቸው የደከሙ ሰዎች በጥቁርና ነጭ ተነሥተዋል፤ ቀለም ሳይቀቡ፣ እንደ ራሳቸው። ለዓመታት ምስክርነት የነፈገችው ፊት እዚህ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

በእነዚህ መካከል ካሜራ የማይነካባቸው ብዙ ሥራዎች አሉ። በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች፤ በየሁለት ዓመቱ ከብዙ አገር የመጡ ፎቶዎችን አዲስ አበባ ላይ ያሳየ መድረክ ነው። ታስተምራለች። መኖሪያዋን ወደ አቢጃን ካዛወረች በኋላ እዚያም የፎቶ መድረክና የኅትመት ቤት አቋቁማለች። የኅትመቱ ነገር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ግን በኤግዚቢሽን የሚሰቀል ፎቶ ዋጋው ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። ጋለሪ የሚሸጠው ፋይሉን ሳይሆን በቁጥር የተወሰኑ፣ በፎቶ አንሺው የተፈረሙ ቅጂዎችን ነው። ጥሩ ማተሚያ በአቅራቢያ ከሌለ ምስሉ አፍሪካ ውስጥ ተነሥቶ አውሮፓ ይታተማል፤ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ወጣት ፍሪላንሰሮቻችን ከአይዳ ቀለሙን መቅዳት ጀምረዋል፤ በየማኅበራዊ ገጹ የተቀባ ፊት ሞልቷል። ከቀለሙ ይልቅ የሚጠቅማቸው ግን ከአዛዡ ጋር ውል መፈራረም ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለፎቶግራፍ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። እናንተ ወጣቶች ግን ቀብድ ተቀብላችሁ ፋይሉን በፍላሽ አስረክባችሁ ትሄዳላችሁ። በሚቀጥለው ሥራ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት፣ ምስሉ የት፣ ለስንት ጊዜና በማን ስም እንደሚወጣ በጽሑፍ አስፈርሙ።