ከቀወት ተነሥቶ ቴአትር ማየት

ከሸዋ ሮቢት እስከ አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ የቀወትን ቆላ ትቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በጣርማበር ዋሻ በኩል ደጋ ሲወጣ፣ ሙቀት የለመደውን ልጅ ብርድ ይመታዋል፤ ጠመዝማዛው ዳገትም ሆዱን ያገለብጠዋል። እንግዲህ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ በዚያው ቀን ቴአትር ቤት ቢገባ በምን ዐይኑ እንደሚያይ አንባቢ ይገምት። ከተቻለ በዋዜማው ገብቶ ይደር። መንገዱ ክፍት ሆኖ፣ ወላጅም ከማሾው ወይም ከሽንኩርቱ ሽያጭ ቆንጥሮ ከፍሎ የተገኘ ጉዞ ነውና፣ በከንቱ እንዳይቀር መጠንቀቅ የታላላቆች ፈንታ ነው።

እኔም በልጅነቴ አንድ እንዲህ ያለ ጉዞ ሄጃለሁ። መምህራችን ደግ ሰው ነበሩና፣ ነገሩ እንዲገባን ብለው የታሪኩን መጀመሪያና መጨረሻ ገና አውቶቡስ ውስጥ ሳለን ነገሩን። ማን እንደሚሞት ስላወቅን፣ ሲሞት ማንም አልደነገጠም። በማግስቱ ደግሞ «ከቴአትሩ ያገኛችሁትን አምስት ትምህርት ጻፉ» ተባልን። እኔ ከሁሉ የወደድሁት ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ስለ ነበረ፣ አምስቱንም ከጓደኛዬ ኮረጅሁ።

ታሪኩን ከመንገር ይልቅ፣ መድረክ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሳየት ይሻላል። ለዚህም የቀወት ልጅ እንግዳ አይደለም። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳን በወንጭፍና በጩኸት ያባረረ ልጅ፣ ድምፅ ከከፍታ ላይ ሲለቀቅ እንዴት እንደሚርቅ ያውቃል። መምህሩ ሁለት ልጆች አስነሥቶ አንዱን ማሽላ ጠባቂ፣ ሌላውን ዝንጀሮ ቢያደርጋቸው፣ ክፍሉ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተዋናይና ተመልካች ሆኖ ይከፈላል። ይህን የሕፃን ቀልድ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በአውሬዎች መሆኑን ያስታውስ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ» አውሬዎችን እያናገረ ሰዎችን የሚነካ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱም ነገሩ ስለ ገባው አገደው።

ሌላም ሊነገራቸው የሚገባ አለ። ይኸውም ተዋናዩ እንደ ቴሌቪዥን ሰው አለመሆኑ ነው፤ ሲስቁ ይሰማቸዋል፣ ሲንሾካሾኩም ይሰማቸዋል። ይህን ያወቀ ልጅ ተቆጪ አያስፈልገውም። አብረው የሚሄዱ መምህራንም ስልካቸውን ቢያጠፉ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው የእነሱ ነውና።

ከተመለሱ በኋላ «ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለጥቂት ቀን ይቆይ። «ማንን ጠላህ? ማን እንደ ዋሸ በምን አወቅህ? መብራቱ ሲጠፋ ምን መሰለህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከክፍሉ ግማሹ ገንዘብ አጥቶ ቀርቶ ይሆናል፤ በጉዞው ሰሞን ዐንገቱን ደፍቶ የሚሰነብተው እርሱ ነው። ስለዚህ የሄዱት ላልሄዱት ያዩትን ተነሥተው ይጫወቱላቸው፤ ሰው ሲያንስም ያልሄዱት ይግቡበት። ያልሄደው ልጅ «ከዚያስ?» እያለ ሲያጣድፈው፣ የሄደው የረሳውን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላል። እዚህ ላይ መምህሩ ባያርመው ደስ ይለኛል።