በረሃ ውስጥ የሚፈልቅ ትኩስ ውሃ

ጣርማ በር ላይ ጋቢ ይለበሳል። ደብረ ሲና ሲደረስ ይላላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ጋቢው ከትከሻ ወርዶ በእጅ ይያዛል። ይህን የይፋት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከይፋት ቆላ ወደ ደቡብ፣ ወደ አዋሽ በኩል ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ከፀሐይ ብቻ አይመጣም። ከመሬትም ይወጣል።

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ ፍል ውሃ የሚባል ቦታ አለ። አገሩ ድንጋይና እሾህ ነው። በመካከሉ የዘንባባ ጫካ ይታያል። ከዘንባባው ሥር ትኩስ ውሃ ይፈልቃል። ኩሬው የጠራ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ነው።

አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ። ዛሬ የአዲስ አበባው ፍል ውሃ በቧንቧ ወደ መታጠቢያ ክፍል ይገባል። የበረሃው ግን እንደ ተፈጠረ ነው።

ታዲያ ውሃውን ምን አሞቀው? መሬት በውስጧ ትኩስ ናት። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ መሬት ተሰነጣጥቃለች። ስለዚህ የጋለው ድንጋይ ወደ ላይ ቀርቧል። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በስንጥቁ ይሰርጋል። ከታች ይሞቃል። ከሞቀ በኋላ ተመልሶ ይወጣል። ድስት ሲፈላ አይታችሁ የለም? ከሥር የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ይንተከተካል። ይህም እንደዚያው ነው።

ይህ እሳት አልጠፋም። ፓርኩ ውስጥ ያለው የፈንታሌ ተራራ ከ200 ዓመት በፊት ገደማ የቀለጠ ድንጋይ ተፍቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግማ ተንቀጠቀጠች። እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። በታኅሣሥ ወር ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ። በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። እንግዲህ ወደ ፍል ውሃ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። መሬት ስትናወጥ ምንጭም ሊለወጥ ይችላል። አምና ለብ ያለው ዘንድሮ ሊያቃጥል ይችላል።

ውሃው እስከ 45 ዲግሪ ይሞቃል። የሰው ገላ ግን 37 ዲግሪ ነው። ስምንት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለሕፃን ገላ ግን ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ በክርናችሁ ሞክሩት። እጅ በሥራ ስለደደረ ያታልላል። ብዙ አትቆዩ። ራስ ሲያዞር ውጡ። እርጉዝ ሴትና የልብ ሕመምተኛ ባይገቡ ይሻላል።

ሙቅ ውሃ ቁርጥማትን ያስታግሳል። ይህ እውነት ነው። ወባን ግን አያድንም፤ የሳንባ ነቀርሳንም አያድንም። መድኃኒቱን ጥሎ ፍል ውሃ የሚሄድ ሰው ራሱን ይጎዳል።

አትጠጡትም። በስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንት ያጎብጣል። «አፍልቼ እጠጣዋለሁ» የሚል አይጠፋም። ማፍላት ግን ፍሎራይድን አያወጣውም፤ ውሃው ሲቀንስ እንዲያውም ይበረታል። የሚጠጣ ውሃ ከቤት ያዙ።

ቦታው ባለቤት የሌለው ሊመስል ይችላል። ከረዩና አፋር አርብቶ አደሮች ግን ከጥንት ያውቁታል። ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከረዩዎች የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። እንግዳ ሲደርስ ሰላምታ ይስጥ፤ የቱ ጋ እንደሚታጠቡ ይጠይቅ። የትኛው ጉድጓድ እንደሚያቃጥል ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ሳሙናና ልብስ ማጠቢያ ምንጩ ውስጥ አታግቡ። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ይቀዘቅዛል፤ ከብት ከዚያ ይጠጣል።

የቀዘቀዘውን አይታችሁ ደግሞ «እዚህ ልዋኝ» አትበሉ። አዋሽ ቅርብ ነው፤ አዋሽ ውስጥ አዞ አለ።