በ27 ዓመቱ ወድቆ አውሮፓን ያሸነፈው አጥቂ

ቅዳሜና እሁድ ሳሎናችሁ በእንግሊዝ እግር ኳስ የሚናወጥ ከሆነ፣ አርሰናል ለ49 የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ መጓዙን ከቤተሰቡ መካከል የሚተርክላችሁ ሰው አይጠፋም። ያ ቡድን በ2004 ነሐሴ ወር የሰበረው የ42 ጨዋታ ክብረ ወሰን የማን እንደነበር ግን ጠይቃችኋል? የኖቲንግሃም ፎረስት ነበር። አሰልጣኙ ደግሞ ብሪያን ክለፍ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ እሱ ለማወቅ የግድ ኳስ መውደድ አያስፈልጋችሁም። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤት ወሬያችን ውስጥ ሙያ መቀየር፣ ከሥራ መሰናበት፣ ጥሩ ባልደረባ ማግኘትና ማጣት በየቀኑ ይነሳሉ። የክለፍ ሕይወት እነዚህን ሁሉ ይዟል።

ጎል አዳኙ

ክለፍ በ1935 በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የፋብሪካ ከተማ ሚድልስብሮ ተወለደ። ለቤተሰቡ ከዘጠኝ ልጆች ስድስተኛው ነው። በ11 ዓመቱ ተማሪዎችን የሚለየውን ፈተና ወደቀ፤ በ15 ዓመቱም ያለ ምንም የምስክር ወረቀት ትምህርቱን አቆመ። ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። ለትውልድ ከተማው ክለብ በ213 የሊግ ጨዋታዎች 197፣ ለሰንደርላንድ ደግሞ በ61 ጨዋታዎች 54 ጎል አስቆጠረ። ሲደመር በ274 ጨዋታዎች 251 ጎል ነው።

በ1962 በገና ማግስት ሰንደርላንድ ከበሪ ጋር ሲጫወት ክለፍ ከግብ ጠባቂው ጋር ተጋጨ። የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዕድሜው 27 ነበር። ከረጅም ሕክምና በኋላ ተመልሶ ሦስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ በ29 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ።

እስቲ ራሳችሁን በቦታው አስቀምጡት። ትምህርት የለውም፣ ሌላ ሙያ የለውም፣ ቤተሰብ ግን አለው። የሰንደርላንድን ታዳጊዎች ማሠልጠን ጀመረ። በ1965፣ በ30 ዓመቱ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን ጭራ ላይ የነበረው ሀርትልፑልስ ዩናይትድ አሰልጣኝ አደረገው። ክለፍ ቦታው ዝቅተኛ ነው ብሎ አልናቀውም። ከመግባቱ በፊት ግን አንድ ሰው ጠራ።

ሁለቱ ሰዎች

ያ ሰው ፒተር ቴይለር ነው። በሚድልስብሮ ግብ ጠባቂ ሳለ የወጣቱን አጥቂ ችሎታ ቀድሞ ያየ እሱ ነበር። የሥራ ክፍፍላቸው ቀላል ነው፤ ቴይለር ተጫዋች መርጦ ያመጣል፣ ክለፍ ደግሞ ከተጫዋቹ ውስጥ ያለውን ያወጣል። ሌሎች ችላ ያሉት ጆን ሮበርትሰን በእነሱ እጅ የአውሮፓ ምርጥ ክንፍ ተጫዋች ሆነ። አጥቂ የነበረውን ኬኒ በርንስን ተከላካይ አደረጉት፤ በ1978 የዓመቱ ኮከብ ተባለ።

ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አንስተው በ1972 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረጉት። በ1974 ክለፍ ወደ ሊድስ ዩናይትድ ሲሄድ ቴይለር ብራይተን ቀረ። ክለፍ በሊድስ የቆየው 44 ቀን ብቻ ነው!

በ1975 በሁለተኛው ዲቪዚዮን አጋማሽ ላይ ወደነበረው ፎረስት ሄደ፤ በዓመቱ ቴይለር ተከተለው። በ1977 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አደጉ፣ በ1978 ሻምፒዮን ሆኑ፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ በተከታታይ አነሱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ያልታረቀው ጠብ

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። ቴይለር በ1982 ፎረስትን ለቅቆ ደርቢን ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ሮበርትሰንን ለክለፍ ሳይነግር ከፎረስት አስፈረመው። ክለፍ ይህን እንደ ክህደት ቆጠረው፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። በ1990 ቴይለር ሳይታረቁ ሞተ።

ክለፍ ብቻውንም በ1989 እና በ1990 የሊግ ካፕ አሸንፏል፤ ልጁ ናይጀልም በእሱ ሥር ተጫውቶ ብዙ ጎል አስቆጥሯል። የሊግ ሻምፒዮንነትና የአውሮፓ ዋንጫ ግን ከቴይለር ወዲያ አልተመለሱም። መጠጥ ጎዳው፤ በ1993 ፎረስት ሲወርድ ሥራውን ተወ። በቀጣዩ ዓመት ያወጣውን የሕይወት ታሪኩን መታሰቢያነት ለቴይለር ሰጠ። ይቅርታው መጣ፤ ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን አልነበረም። ክለፍ ራሱ በመስከረም 2004፣ በ69 ዓመቱ አረፈ።

ውድ አንባብያን፣ ሙያ ከመሃል ሲቋረጥ ዝቅ ካለ ቦታ እንደገና መጀመር እንደሚቻል ክለፍ አሳይቷል። እሱ ሳይደርስበት የቀረው ደግሞ በእናንተ እጅ ነው። ከወንድም፣ ከጓደኛ ወይም ከድሮ የሥራ ባልደረባ ጋር ተኳርፋችሁ ዓመታት ካለፉ፣ ሽማግሌ ላኩ ወይም ራሳችሁ ደውሉ። በደርቢ ስታዲየም ደጃፍ በ2010 የቆመው የነሐስ ሐውልት ክለፍንና ቴይለርን ጎን ለጎን ያሳያል። እርቁ በሕይወት ሳሉ ቢሆን ግን ምንኛ ባማረ!