ጾም የማይቀንሰው ቦርጭ

ዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን የወረሰው በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም. አለርት በዚያው ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የሰፈሩ ስምና ያ በሽታ ለረጅም ዘመን አብረው ሲነሡ ኖረዋል። ዛሬ በዘነበወርቅም ሆነ በቀረው አዲስ አበባ፣ በቡና ላይ የሚነሣው የጤና ወሬ ሌላ ነው፦ ቦርጭ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር።

ወሬው መሠረት አለው። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ 100 ሴቶች መካከል ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ሆነዋል። በከተማ ደግሞ ቁጥሩ ከገጠሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ100 ሴቶች 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» የሚለው ምርቃትና «ዳይት ጀመርኩ» የሚለው ወሬ በአንድ ግቢ የሚሰሙትም ለዚህ ነው።

ክብደት ለመቀነስ የተነሣች ሴት በአብዛኛው መጀመሪያ የምታደርገው ምግብ መተው ነው። ሳይበሉ መዋልን የሚያስተምራት አያስፈልጋትም። ኦርቶዶክሷ ዐቢይ ጾምን ብቻ 55 ቀን ትጾማለች፤ ሙስሊሟ ረመዳንን ታውቃለች። ስለዚህ ቁርስ ይቀራል፣ ምሳ ይዘለላል፣ እንጀራ ይታገዳል። ድስቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የጾም ሽሮና ምስር ወጥ ደግሞ ቅቤ የለበትም ተብሎ ዘይት ሲጨመርበት ማንም አይቆጥርም። ቀኑን ሙሉ የራባት ሴት ማታ ሳምቡሳና ዳቦ ስታገኝ የቀኑን ሁሉ ታካክሳለች።

ስኳሩም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥታ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ብትጨምር 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተሻለ ጤና በቀን ከ25 ግራም ገደማ አይለፍ ይላል። «ፍራፍሬ ነው» ተብሎ በስኳር የሚጠጣው የአቮካዶ ጁስ ገና አልተቆጠረም።

ሁለተኛው ስሕተት ችኮላ ነው። ሠርግ ሲቃረብ ቦርጭ በሁለት ሳምንት እንዲጠፋ ይፈለጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑ ፈጥኖ ይወርዳል፤ የወረደው ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ረሃቡ ሲረዝም ጡንቻም ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ውድድር በአማካይ 58 ኪሎ ገደማ የቀነሱ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ 41 ኪሎውን መልሰው ነበር። ሰውነታቸውም በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ኃይል ለክብደታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር። የጤና ባለሙያዎች በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይበቃል የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ችኮላው ገበያም ፈጥሯል። ብዙዎቹ «የማቅጠኛ ሻይ» የሚባሉት ሰናመኪ አለባቸው። ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የምግቡ ኃይል ግን ቀድሞ በትንሹ አንጀት ወደ ደም ገብቷል። ሻዩ ያስቀምጣል እንጂ ስብ አይነካም። ከማቅጠኛ ክኒኖች ደግሞ ሲቡትራሚን የተባለው በልብ ላይ በሚያስከትለው አደጋ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ሲሆን፣ «ከዕፅ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል።

ጂም የገቡትም ይሳሳታሉ። ሆድን በላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ የሚያወጣው ላብ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል። መቶ ጊዜ መነሣትና መተኛት የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፣ ከላዩ ያለውን ስብ ግን ለይቶ አያነሣም። ክብደት ማንሣት «ወንድ ያስመስላል» ብለው የሚሸሹት ደግሞ ጡንቻቸውን የሚጠብቅላቸውን እንቅስቃሴ ነው የሚተዉት።

ሁሉም ውፍረት ከምግብ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የወር አበባዋ የተዛባባት፣ ሁልጊዜ የሚበርዳትና የሚደክማት ሴት የእንቅርት ዕጢ ወይም የዕንቁልጢ ችግር ሊኖርባት ስለሚችል፣ ምግቧን ከመቀነሷ በፊት ሐኪም ብታይ ይሻላል።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የአመጋገብ መመሪያ ምግብን ማፈራረቅን፣ ጥራጥሬና አትክልትን ማዘውተርን፣ ዘይት፣ ስኳርና ጨው መቀነስን ይመክራል። ለዚህ እንጀራ መጣል አያስፈልግም። የሚቸግረው ድስቱ የጋራ መሆኑ ነው፦ ባልም፣ ልጅም፣ እንግዳም ከእሱ ይበላል። ብዙ ሴቶች ይህን ላለመንካት ሲሉ ለራሳቸው ለብቻ ሰላጣ ይከትፋሉ፤ ከዚያ ልጆች ያስተረፉትን «አይጣል» ብለው ይጨርሳሉ። ዘይቱን በማንኪያ እየለካች ወጥ የምትሠራ እናት ግን ለብቻዋ ዳይት አልገባችም፤ የቤቱን ሰው ሁሉ አስገብታለች።